የባርቢያናው ቆሞስ አባ ሎሬንሶ ሚላኒ (1923-1967)

በአነስተኛ ከተማ የሚገኝ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለከተማውም ሆነ በዙሪያው ላሉት የገጠር መንደሮች የሁሉም ልጆች ቤት ነው። የነጋዴው፣ የሐኪሙና የገበሬው ልጅ በአንድ በር ይገባሉ፤ በአንድ ሰሌዳ ፊት ይቀመጣሉ፤ ከአንድ መምህር ይማራሉ። ይሁን እንጂ በሩ ለሁሉም ተከፈተ ማለት ሁሉም እስከ መጨረሻው ይዘልቃሉ ማለት አይደለም። ቀድመው የሚወድቁት፣ ክፍል የሚደግሙትና በመጨረሻም ደብተራቸውን ጥለው ወደ እርሻው የሚመለሱት ብዙውን ጊዜ ከሩቅ መንደር በእግራቸው የሚመጡት ናቸው። ይህ ለምን ይሆናል? ጥፋቱስ የማን ነው? በዚህ እትማችን ይህንን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን ያነሡትን፣ መልሱንም በቃል ሳይሆን በሕይወታቸው ለመስጠት የደከሙትን የአንድ ኢጣልያዊ ካህን ታሪክ ለውድ አንባብያን እናቀርባለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልደትና ወጣትነት

ሎሬንሶ ሚላኒ ሜይ 27 ቀን 1923 በፍሎረንስ ከተማ ተወለዱ። ቤተ ሰባቸው በሀብትም በዕውቀትም የታወቀ ነበር። የአባታቸው አባት የፍሎረንስ የአርኪኦሎጂ ቤተ መዘክር ኃላፊ፣ ቅድመ አያታቸው ዶሜኒኮ ኮምፓሬቲ ደግሞ በጥንታውያን ቋንቋዎችና ጽሑፎች ጥናት ዝናቸው የገነነ ሊቅ ነበሩ። እናታቸው አሊቼ ቫይስ የአይሁድ ዘር ሲሆኑ፣ በቤቱ ውስጥ መጻሕፍት እንጂ ጸሎት እምብዛም ቦታ አልነበረውም። በ1933 ናዚዎች በጀርመን ሥልጣን ሲይዙ ወላጆች በአይሁድ ላይ የሚመጣውን መከራ ፈርተው ልጆቻቸውን አስጠመቁ። እንግዲህ የኋለኛው ካህን ወደ ጥምቀት የመጡት በወላጆቻቸው እምነት ሳይሆን በወላጆቻቸው ሥጋት ነበር ለማለት ይቻላል። እግዚአብሔር ግን በዚያው በር ገባ።

ቤተ ሰቡ ወደ ሚላኖ ስለ ተዛወረ ሎሬንሶ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በዚያው በታወቀው በበርኬት ሊቼዮ ፈጸሙ። ዩኒቨርሲቲ ገብተው እንደ አባቶቻቸው ሊቅ እንዲሆኑ ቢጠበቅም፣ እርሳቸው ግን ሠዓሊ መሆንን መርጠው የሥዕል ጥበብ መማር ጀመሩ። ጦርነቱ በተፋፋመበት በ1943 የበጋ ወራት ልባቸው ወደ ክርስቶስ ተመለሰ። በፍሎረንስ አባ ራፋኤሌ ቤንሲ የተባሉ ካህን የነፍስ አባታቸው ሆኑ፤ በዚያው ዓመት በኖቬምበር ወር የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ገቡ። ገና የሃያ ዓመት ወጣት ነበሩ። የቤተ ሰባቸውን ሀብትና የከተማውን ወዳጅነት ሁሉ ወደ ኋላ ትተው ጁላይ 13 ቀን 1947 በፍሎረንስ ካቴድራል ከብፁዕ ካርዲናል ኤልያ ዳላ ኮስታ እጅ ማዕርገ ክህነትን ተቀበሉ።

የማታ ትምህርት ቤት በሳን ዶናቶ

አባ ሎሬንሶ በ1947 መጸው ረዳት ካህን ሆነው የተላኩት በፍሎረንስ አቅራቢያ ወደምትገኘው ሳን ዶናቶ ዲ ካሌንሳኖ ነበር። ቆሞሱ በዕድሜ የገፉት አባ ዳንኤሌ ፑጂ ነበሩ። የቁምስናው ምእመናን ገበሬዎችና የፋብሪካ ሠራተኞች ናቸው። በዓላት ይከበራሉ፤ ልጆች ይጠመቃሉ፤ ዑደቱም አይቀርም። ወጣቱ ካህን ግን አንድ ነገር አስተዋሉ፤ ስብከቱን የሚያዳምጡት ሰዎች የሚነገረውን ቃል አይረዱትም። ይህ የሆነው ልባቸው ስለ ደነደነ ሳይሆን ቃሉ ስላልነበራቸው ነው። ትምህርታቸውን በልጅነት ያቋረጡ፣ ጋዜጣ አንብበው መረዳት የማይችሉ፣ በአለቃቸው ፊት ሐሳባቸውን መግለጽ የሚፈሩ ነበሩ። ቃል የሌለው ሰው ወንጌልንም ሆነ የሥራ ውሉን እኩል ሳይረዳ ይኖራል። አባ ሎሬንሶ ከዚህ በመነሣት ለድኻ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስፈልገው ቋንቋ ነው ወደሚለው መደምደሚያ ደረሱ።

ስለዚህ ለወጣት ሠራተኞችና ገበሬዎች የማታ ትምህርት ቤት ከፈቱ። በዚያን ዘመን የኢጣልያ ሕዝብ በፖለቲካ ምክንያት ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ የኮሙኒስቶች ልጆች ወደ ካህን ቤት መምጣትን ይሸሹ ነበር። አባ ሎሬንሶ ትምህርቱ ለአንድ ወገን ብቻ የተዘጋጀ እንዳይመስል በማለት መስቀሉን ከመማሪያው ክፍል ግድግዳ አነሡት። ይህ ድርጊታቸው ብዙዎችን አስደነገጠ፤ ነቀፋም አመጣባቸው። እርሳቸው ግን በመምህሩ ሕይወት ክርስቶስ ከታየ ተማሪው ያየዋል ብለው ያምኑ ነበር። ዓርብ ዓርብ ማታ ልዩ ልዩ ባለሙያዎችን እየጋበዙ ለወጣቶቹ ያስረዱ ነበር፤ ወጣቶቹም ሳያፍሩ እንዲጠይቁ ያበረታቱ ነበር።

ለመምህራነ ትምህርተ ክርስቶስ ልዩ ትኩረት የሚሻው ሌላው ሥራቸው የትምህርተ ክርስቶስ አሰጣጣቸው ነው። ጥያቄና መልስ በቃል ማስጠናቱን ትተው የመድኃኒታችንን ሕይወት በታሪክ ቅደም ተከተል፣ የፍልስጥኤምን ምድር በካርታ እያሳዩ ያስተምሩ ነበር። ልጁ ኢየሱስ የተመላለሰበትን መንገድ፣ የተሻገረውን ሐይቅ፣ የወጣውን ተራራ በዐይነ ኅሊናው እንዲያይ ይፈልጉ ነበር። ይህ ዝግጅታቸው ካረፉ በኋላ በመጽሐፍ መልክ ታትሟል።

ወደ ተራራው ላይ ቁምስና

አባ ፑጂ በ1954 ሲያርፉ ብዙዎች ረዳታቸው ይተኳቸዋል ብለው ቢጠብቁም፣ አለቆቻቸው አባ ሎሬንሶን ወደ ባርቢያና ላኳቸው። ባርቢያና በሙጄሎ አውራጃ፣ በጆቪ ተራራ ጎን ላይ የምትገኝ፣ ቤቶቿ በጫካው ውስጥ እዚህና እዚያ የተበተኑባት ቁምስና ናት። በሸለቆው ውስጥ የሚገኘው የቅርቡ ከተማ ቪኪዮ ይባላል፤ ታላላቆቹ ሠዓልያን ጆቶና ብፁዕ አንጀሊኮ የተወለዱት በዚያ አካባቢ ነው። በዲሴምበር 1954 አባ ሎሬንሶ ሲደርሱ ግን ወደ ባርቢያና መኪና የሚያወጣ መንገድ አልነበረም፤ የኤሌክትሪክ መብራትና የቧንቧ ውሃም አልነበረም። ቤተ ክርስቲያኑ እንዲያውም ለመዘጋት ታስቦ የነበረ ነው። የተማረ፣ ብርቱና ገና የሠላሳ አንድ ዓመት ካህን ወደዚህ መላኩ ግዞት እንጂ ሹመት እንዳልሆነ ለማንም ግልጽ ነበር።

አባ ሎሬንሶ በደረሱ ማግሥት ወደ መዘጋጃ ቤት ወርደው በባርቢያና መቃብር ለራሳቸው የመቃብር ቦታ ገዙ። በዚህ ድርጊት ለአለቆቻቸውም ለምእመናኑም አንድ ነገር ተናገሩ፤ እዚህ የመጡት የሚሻል ቦታ እስኪገኝ ለመቆየት ሳይሆን ከእነዚህ ሰዎች ጋር ኖረው ከእነርሱ ጋር ለመቀበር ነው። የገጠር ቁምስና ለካህንም ሆነ ለመምህር መሸጋገሪያ ድልድይ ሆኖ በሚታይበት ዘመን ይህ ትልቅ ምስክርነት ነው።

የባርቢያና ትምህርት ቤት

በዚያን ጊዜ በኢጣልያ ሕፃናት አምስት ዓመት አንደኛ ደረጃ ተምረው አሥራ አንድ ዓመት ሲሞላቸው መንገዳቸው ለሁለት ይከፈል ነበር። አንደኛው መንገድ ላቲን ወደሚማሩበት መካከለኛ ትምህርት ቤትና ከዚያም ወደ ዩኒቨርሲቲ፣ ሁለተኛው ደግሞ ወደ ሥራ መለማመጃ ትምህርት ቤት የሚወስድ ነበር። የተራራው ልጆች ግን አብዛኞቹ ሁለቱንም ሳያገኙ በግና ላም ወደ መጠበቁ ይመለሱ ነበር። አባ ሎሬንሶ በመጀመሪያ የአካባቢውን ልጆች ከሰዓት በኋላ ያስተምሩ ጀመር፤ በ1956 ደግሞ አንደኛ ደረጃን የፈጸሙ ስድስት ወንዶች ልጆችን ተቀብለው በቆሞሱ ቤት ውስጥ መደበኛ ትምህርት ከፈቱ። ወሬው ሲሰማ ከዙሪያው መንደሮችም ልጆች በጫካው መንገድ በእግር እየመጡ ተቀላቀሉ። ብዙዎቹ በመንግሥት ትምህርት ቤት ወድቀው የተባረሩ ነበሩ።

በባርቢያና ትምህርት የሚሰጠው ከጧት እስከ ማታ በዓመት 365 ቀን ነበር፤ እሑድም አልቀረም። ዕረፍት የለም መባሉ ለጆሮ ይከብዳል፤ ነገር ግን የገበሬ ልጅ ከትምህርት የሚያርፍበት ቀን ሁሉ በረት የሚጠርግበት ቀን ስለ ነበረ ልጆቹ ትምህርቱን ይመርጡት ነበር። ደወል፣ የፈተና ነጥብና ክፍል ማስደገም አልነበረም። ያልገባው ልጅ ካለ ትምህርቱ ይቆማል፤ እርሱ እስኪገባው ድረስ ሌላው ሁሉ ይጠብቃል። እጅግ የዘገየው ተማሪ በዚያ ቤት የመጀመሪያው ተማሪ ነበር ለማለት ይቻላል። መምህሩ አንድ ብቻ ስለ ነበሩ ትልልቆቹ ታናናሾቻቸውን ያስተምሩ ነበር፤ በዚህም ዕውቀት ለራስ ብቻ የሚከማች ሀብት ሳይሆን ለወንድም የሚካፈል እንጀራ መሆኑን ተማሩ።

መማሪያ መጽሐፋቸው በአብዛኛው ጋዜጣ ነበር። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ያነባሉ፤ ያልገባቸው ቃል ሁሉ ይፈታል፤ ከቃሉም ወደ ታሪክ፣ ወደ መልክዐ ምድር፣ ወደ ሕግ ይሄዳሉ። የሰማይ ከዋክብትን አቀማመጥ የሚለኩበትን አስትሮላብ የተባለ መሣሪያ በእጃቸው ሠሩ፤ ካርታዎችን ሣሉ፤ የእንጨትና የብረት ሥራ ተማሩ። ውሃ የሚፈሩት የተራራ ልጆች ፍርሃታቸውን እንዲያስወግዱ አነስተኛ የመዋኛ ገንዳም በገዛ እጃቸው ቆፈሩ። የውጭ ቋንቋዎችን በሸክላ ከተቀረጹ ትምህርቶች ያጠኑ ነበር፤ ከዚያም አባ ሎሬንሶ ወጣቶቹን ሠርተው እየበሉ ቋንቋውን እንዲለማመዱ ወደ እንግሊዝ፣ ወደ ጀርመንና ወደ ሌሎች አገሮች ይልኳቸው ነበር። ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ ቢኖር፣ ፕሮፌሰርም ይሁን ባለ ሥልጣን፣ በልጆቹ መካከል ተቀምጦ ጥያቄያቸውን ሁሉ መመለስ ግዴታው ነበር።

በ1963 ማሪዮ ሎዲ የተባሉ የታወቁ የአንደኛ ደረጃ መምህር ባርቢያናን ጎበኙ። ከእርሳቸው ጋር ከተደረገው ውይይት ተነሥቶ ትምህርት ቤቱ በኅብረት የመጻፍ ዘዴን ያዘ። እያንዳንዱ ተማሪ ሐሳቡን በትንንሽ ወረቀት ይጽፋል፤ ወረቀቶቹ በጠረጴዛ ላይ ተዘርግተው ተመሳሳዮቹ በአንድነት ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ አንቀጽ ይወጣል። አንቀጹ ተነብቦ ትርፍ ቃል ሁሉ ይሰረዛል፤ ከባዱ ቃል በቀላል ይተካል። ማንም የጽሑፉ ባለቤት እኔ ነኝ አይልም።

አዲሱ ሕግና የልጆቹ ደብዳቤ

የኢጣልያ መንግሥት ዲሴምበር 31 ቀን 1962 ባወጣው ሕግ ሁለቱን መንገዶች አንድ አደረጋቸው። ከ1963 ጀምሮ ከአሥራ አንድ እስከ አሥራ አራት ዓመት ያሉ ልጆች ሁሉ፣ የከተማም ይሁኑ የገጠር፣ በአንድ ዐይነት መካከለኛ ትምህርት ቤት እንዲማሩ ታወጀ። ይህ በእውነት ትልቅ እርምጃ ነበር። አባ ሎሬንሶና ተማሪዎቻቸው ግን ዐዋጁን ብቻ ሳይሆን ፍሬውንም መረመሩ። ሁለት የባርቢያና ልጆች ወደ መምህራን ማሠልጠኛ ገብተው በፈተና ወድቀው ነበርና፣ ስምንት ተማሪዎች በቆሞሳቸው መሪነት ለጣለቻቸው መምህርት ደብዳቤ መጻፍ ጀመሩ። ሥራው ወራት ፈጀ። ልጆቹ የትምህርት ቤቶችን ቁጥሮች ሰብስበው የሚወድቁትና የሚያቋርጡት የእነማን ልጆች እንደ ሆኑ በሠንጠረዥ አሳዩ። መልሱ ግልጽ ነበር፤ የሚቀሩት የገበሬውና የሠራተኛው ልጆች ናቸው።

ደብዳቤው በሜይ 1967 በመጽሐፍነት ታተመ። በውስጡ ሁለት ልጆች ይታያሉ፤ አንዱ የሐኪም ልጅ፣ ሌላው የድኻ ልጅ። የሐኪሙ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ የትምህርት ቤቱን ቋንቋ ከቤቱ ይዞ መጥቷል፤ የድኻው ልጅ ግን ገና ከዚያ ሊያገኘው ነው። ሁለቱን በአንድ ሚዛን መዝኖ አንዱን ማሳለፍ ሌላውንም መጣል ፍትሕ ይመስላል እንጂ ፍትሕ አይደለም። ልጆቹ በነቀፋ ብቻ አላበቁም፤ ሦስት ነገሮችን አሳስበዋል፤ በግዴታ ትምህርት ዘመን ማንም እንዳይጣል፣ ለሚዘገዩት ሙሉ ቀን እንዲያስተምሯቸው፣ ለታከቱትም የሚማሩበት ዓላማ እንዲሰጣቸው።

መጽሐፉ በመምህራን ላይ የተናገረው እጅግ መራር በመሆኑ ብዙዎችን አስቆጥቷል። በትጋት የሚያስተምሩ ብዙ መምህራን አለ አግባብ ተወቀስን ብለዋል። አባ ሎሬንሶም በጠባያቸው ቁጡ፣ በምላሳቸው ስለት፣ በተማሪዎቻቸውም ላይ ጥብቅ እንደ ነበሩ የሚያውቋቸው ሁሉ ይመሰክራሉ። ይህንን የምንሰውርበት ምክንያት የለም። ቁጣቸው ግን ራሳቸው የተበደሉበት አልነበረም፤ ስለ ሌሎች የተቆጡት ቁጣ ነበር።

መከራና ዕረፍት

አባ ሎሬንሶ በሕይወታቸው ከቤተ ክርስቲያን ባለ ሥልጣናትም ከመንግሥትም ፈተና ደርሶባቸዋል። በሳን ዶናቶ ያዩትን መሠረት አድርገው የጻፉት የሐዋርያዊ አገልግሎት ተሞክሮ የሚል መጽሐፋቸው በ1958 በቤተ ክርስቲያን ፈቃድ ከታተመ በኋላ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ወር ከሽያጭ እንዲነሣ ታዘዘ። እርሳቸውም በሐሳባቸው ጸንተው ሳለ ታዘዙ፤ ከቤተ ክርስቲያን ለመውጣት አንድም ቀን አላሰቡም፤ የኃጢአት ሥርየትን የሚያገኙት በእርስዋ ዘንድ መሆኑን ያውቁ ነበርና።

በፌብሩዋሪ 1965 ደግሞ በጡረታ ላይ ያሉ አንዳንድ የጦር ሠራዊት ካህናት በኅሊናቸው ምክንያት ጦር መሣሪያ አናነሣም ያሉትን ወጣቶች በመንቀፋቸው፣ አባ ሎሬንሶ ከተማሪዎቻቸው ጋር ሆነው መልስ ጻፉ። በዚያ ደብዳቤ አገራቸው በአንድ ምዕት ዓመት ውስጥ ያካሄደቻቸውን ጦርነቶች፣ በአፍሪካ ምድር የተፈጸሙትን የቅኝ ግዛት ወረራዎች ጨምሮ፣ አንድ በአንድ መርምረው የትኛው ፍትሐዊ እንደ ነበረ ጠየቁ። በዚህም ምክንያት ለፍርድ ቀረቡ። ሕመማቸው ስለ ጸና በችሎቱ መገኘት አልቻሉም፤ መከላከያቸውን በጽሑፍ ላኩ። ፌብሩዋሪ 15 ቀን 1966 የሮም ፍርድ ቤት በነጻ አሰናበታቸው። ይግባኙ የተፈረደው እርሳቸው ካረፉ በኋላ ነበር። አገራቸው በኅሊና ምክንያት ውትድርናን እምቢ የማለትን መብት በሕግ ያወቀችው በዲሴምበር 1972 ነው።

የደም ነቀርሳ ዐይነት የሆነው ሕመማቸው የታወቀው በ1960 ነበር። ሰባት ዓመት ሙሉ እየታመሙ አስተማሩ፤ መቀመጥ ሲያቅታቸው ተኝተው አስተማሩ። የልጆቹ ደብዳቤ ከታተመ ከአንድ ወር በኋላ ጁን 26 ቀን 1967 በፍሎረንስ በእናታቸው ቤት፣ በ44 ዓመታቸው ዐረፉ። በገዙት መቃብር፣ በባርቢያና፣ ልብሰ ተክህኖ ለብሰውና የተራራ ጫማቸውን ተጫምተው ተቀበሩ። ካህንነታቸውም ገበሬነታቸውም አብሮ ወደ መቃብር ወረደ።

ከዕረፍታቸው በኋላ

ትምህርት ቤቱ መሥራቹ ካለፉ በኋላ ብዙ አልቆየም፤ ዘሩ ግን በቅሏል። በ1971 የወጣ ሕግ በኢጣልያ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሙሉ ቀን የማስተማርን ሥርዓት አስገባ፤ በ1977 የወጣ ሌላ ሕግም አካል ጉዳተኞች ከጓደኞቻቸው ጋር በአንድ ክፍል እንዲማሩ በር ከፈተ። ለእነዚህ ለውጦች የባርቢያና ድምፅ ብቻውን ምክንያት ነው አንልም፤ ነገር ግን ከተሰሙት ድምፆች አንዱ እንደ ነበረ አይካድም። ከባርቢያና ልጆች መካከል ሚኬሌ ጀሱዋልዲ የፍሎረንስ አውራጃ አስተዳደር ፕሬዚዳንት እስከ መሆን ደርሰዋል።

በ2014 የቀድሞው መጽሐፋቸው ላይ የነበረው እገዳ እንደማያስፈልግ በቅድስት መንበር ተገለጠ። ጁን 20 ቀን 2017 ደግሞ ነፍሰ ኄር ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ ወደ ባርቢያና ወጥተው በመቃብራቸው ፊት ጸለዩ፤ ካህኑ ከጳጳሳቸው ፈልገው በሕይወት ሳሉ ያላገኙትን ዕውቅናም በአደባባይ ሰጧቸው። ከኃምሳ ዓመት በኋላ በዚያ ተራራ መንገድ ላይ የሮም ጳጳስ መታየታቸው፣ እግዚአብሔር የተረሳውን አገልጋይ እንደማይረሳ ያሳየናል።

ውድ አንባብያን፤ ከዚህ ሕይወት የምንቀስመው ሁላችንም የባርቢያናን ትምህርት ቤት እንክፈት የሚል አይደለም። ለወላጅ፣ ለመምህርና ለመምህረ ትምህርተ ክርስቶስ የሚቀረው ጥያቄ ግን አንድ ነው፤ በፊታችን ከተቀመጡት ልጆች መካከል በመጨረሻው ወንበር ላይ ያለው፣ አፍሮ የማይጠይቀው፣ ከቤቱ ሩቅ መንገድ ተጉዞ የመጣው ልጅ ገብቶታል ወይ? ፈጣኖቹ ሁልጊዜ መንገዳቸውን ያገኛሉ። ትምህርት ቤት ለሁሉም መሆኑ የሚለካው በገቡት ብዛት ሳይሆን ከመንገድ የቀረውን አንዱን ተመልሶ በመፈለግ ነው። መልካሙ እረኛ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ የሄደው ለዚህ ነበር። በየቁምስናችን ለዘገየው ልጅ አንድ ሰዓት የሚሰጥ፣ አንድ ቃል የሚፈታለት፣ እስኪገባው ድረስ የሚታገሠው ሰው ቢገኝ የአባ ሎሬንሶ ድካም በእኛም ዘንድ ፍሬ አፈራ ማለት ነው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በመንግሥቱ ያሳርፍልን፤ ለእኛም ትዕግሥቱን ይስጠን።